ጽንፈ ዓለም ቢጠፋ ማን ምን ይጎድልበታል?

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ «ጽንፈ ዓለም ከነጊዜውና ከነቦታው በቅጽበት ቢጠፋ ምንም ችግር የለውም፤ የሚያዝን ሰው አይተርፍማ» ይለኛል። ልክ እንዳልሆነ ይሰማኛል፤ የቱ ጋ እንደተሳሳተ ማሳየት ግን አቃተኝ።

መልስ፦ ጓደኛዎ ከክርክሩ እኩሌታውን ይዘዋል። የተሰናከሉት «ግድ ይሰጣል» የሚለውን አነጋገር ባለቤት የማያስፈልገው ይመስል ብቻውን ስላቆሙት ነው። ስንናገረው ግን ግድ ይሰጠኛል፣ ግድ ይሰጥሻል፣ ግድ ይሰጠዋል ነው የምንለው። «ጎደለ»ም የሚጎድልበትን ይጠይቃል። ስለዚህ ከመከራከርዎ በፊት ጥያቄው የተዋቸውን ሦስት ክፍት ቦታዎች ይሙሉ፦ ለማን? መቼ ላይ ቆሞ ለሚመዝን? ከምን ጋር ተነጻጽሮ?

«ከጠፋ በኋላ፣ ለተረፈ ሰው» ብለው ከሞሉት ጓደኛዎ ያሸንፋሉ። ይህ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ270 ገደማ የሞተው የግሪኩ ፈላስፋ የኤፒኩረስ መንገድ ነው፤ እኛ ባለንበት ሞት የለም፣ ሞት ባለበት እኛ የለንም ይል ነበር። ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ጊዜም አብሮ ከጠፋ «በኋላ» የሚባል ነገር አይኖርም። «በኋላ ማንም አያዝንም» የሚለው የጓደኛዎ ማስረጃ የሚቆምበት መሬት ያጣል።

የጥፋቱን ክብደት የሚያገኙት ሦስተኛውን ክፍት ቦታ በትክክል ሲሞሉ ነው። መነጻጸር ያለበት የአሁኑ ዓለም ከኋለኛው ባዶ ጋር ሳይሆን ሙሉው ታሪክ ከተቆረጠው ታሪክ ጋር ነው። ፈላስፋው ቶማስ ኔግል እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ሞት ሲጽፍ ያስረዳው ይህንን ነው፦ ሞት ክፉ የሚሆነው ሟቹን ስለሚያሳምመው ሳይሆን ሊኖረው ይችል የነበረውን ስለሚያሳጣው ነው። ዜማ መሃል ላይ ቢቋረጥ ጉድለቱን ዝምታው ውስጥ ብንፈልግ አናገኘውም፤ የጎደለው ዜማው ነው። ጓደኛዎን በዚህ ይፈትኗቸው፦ ዘመድ የሌለው ሰው በከባድ እንቅልፍ ላይ እያለ ያለ ሥቃይ ቢገደል ተበድሏል ወይስ አልተበደለም? «ተበድሏል» ካሉ፣ ጉዳት የግድ የሚሰማው ሰው መትረፍ እንደማያስፈልገው አምነዋል። «አልተበደለም» ካሉ ደግሞ አቋማቸው ምን ያህል እንደሚያስከፍላቸው ራሳቸው ያዩታል።

«መቼ» የሚለውንም አይዝለሉት፤ ጥፋቱ ከመድረሱ በፊት ያለን ሰዎች አሁን እንመዝነዋለንና። ሳሙኤል ሼፍለር የተባለው ፈላስፋ ያቀረበው ሙከራ እዚህ ይጠቅማል። እርስዎ ዕድሜዎን ጠግበው በሰላም ይሞታሉ፤ በ30ኛው ቀን ግን ምድር ትጠፋለች እንበል። እርስዎን የሚነካ አንዳች ነገር የለም። ሆኖም ውጤቱ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ የሚታይ የካንሰር ምርምር ዛሬ ላይ መጀመር ትርጉሙን ያጣል። ብዙ ሥራችን እኛ የማናየውን ጊዜ ተደግፎ የቆመ ነው።

አንድ የተለመደ ስህተት ላስጠንቅቅ። ስለ «ምንም» ስናስብ ጨለማ ባዶ ቦታ እንስላለን፣ ራሳችንንም ጥግ ላይ በተመልካችነት እናቆማለን። ጨለማ ቦታ ግን ምንም አይደለም፤ ቦታ ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጂ. ኢ. ሙር እ.ኤ.አ. በ1903 ማንም የማያያቸው ሁለት ዓለማት፣ አንዱ እጅግ ውብ፣ ሌላው የቆሻሻ ክምር፣ ቢኖሩ ውቡ መኖሩ ይሻላል ብሎ ነበር። እኔ በዚህ አልስማማም። ውቡን ዓለም ስናስበው ተደብቀን እያየነው ስለሆነ ፍርዳችን ከተመልካቹ አልጸዳም። የሚያዩ፣ የሚወዱ፣ የሚታመሙ ፍጡራን ጨርሶ በማይኖሩበት ጽንፈ ዓለም ላይ፣ ጓደኛዎ ያሉት እውነት ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ በሳይንስ ቢታይ እንዲህ በቅጽበት የሚጠፋበት መንገድ አለ?

መልስ፦ «ምንም» እስኪሆን ድረስ የሚያጠፋ የታወቀ ሂደት የለም። ጽንፈ ዓለም 13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ እየፈጠነ እንደሚሰፋም እ.ኤ.አ. በ1998 ታውቋል። በዚሁ ከቀጠለ ከዋክብት አንድ በአንድ እየጠፉ ይቀዘቅዛል እንጂ አይሰወርም።

ለጥያቄዎ የሚቀርበው የቫክዩም (የባዶ ቦታ) መፍረስ የተባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተገኘው የሂግስ ቅንጣት፣ ማለትም ለሌሎች መሠረታዊ ቅንጣቶች ክብደት ከሚሰጠው መስክ ጋር የተያያዘው ቅንጣት፣ ክብደቱ 125 ጊጋ ኤሌክትሮንቮልት (የቅንጣቶች ክብደት መለኪያ) ያህል ነው። ይህ ቁጥር ከሌሎች ልኬቶች ጋር ሲሰላ፣ አሁን ያለንበት የባዶ ቦታ ሁኔታ ዝቅተኛው የኃይል ደረጃ ላይሆን እንደሚችል ያመለክታል። አንድ ቦታ ላይ ወደ ዝቅተኛው ቢወርድ፣ የተፈጥሮ ሕጎች የተለወጡበት አረፋ ወደ ብርሃን ፍጥነት በተጠጋ ፍጥነት ይሰፋል። ማስጠንቀቂያ አይኖርም፤ ወሬውን የሚያመጣው ብርሃን የሚደርሰው ከአረፋው ጋር እኩል ነውና። ስሌቱ የሚሰጠው የመጠበቂያ ጊዜ ግን ከጽንፈ ዓለም ዕድሜ እጅግ፣ እጅግ የሚበልጥ ነው።

ጥያቄ፦ ሁሉም የሚያበቃ ከሆነ የዛሬ ሥራዬ ከንቱ አይደለም?

መልስ፦ ኔግል እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳየውን ይሞክሩ። የዛሬው ሥራችን ከሚሊዮን ዓመት በኋላ ግድ የማይሰጥ ከሆነ፣ በዚያው ሚዛን ከሚሊዮን ዓመት በኋላ የሚሆነውም ዛሬ ግድ አይሰጥም። ርቀቱ ለሁለቱም ወገን እኩል ነው። የጥርስ ሕመም ያሠቃየው ልጅ ዛሬ ማታ ሕመሙ ቢበርድለት፣ የበረደለት ዛሬ ማታ ነው።