ዲኤክሴ ዳገት ላይ ትሞትብኛለች

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዲኤክስ ኮሮላ አለችኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ምንም አትልም። ከአዲስ አበባ ስመለስ ግን ዓባይ በረሃን ተሻግራ ወደ ደጀን ስትወጣ ነፍሷ ልትወጣ ትደርሳለች። ሲኖትራክ እንኳ ጥሩምባ እየነፋብኝ ያልፋል። ጓደኞቼ የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ፣ ማርሚታውን አስቆርጠው፣ የአየር ማጣሪያውን ፊልትሮ አውጣው፣ ካልሆነም ቱርቦ አስገጥምላት ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?
ከቀበሌ 14

መልስ፦ ወንድሜ፣ መኪናህን አትቀየማት። የበደላት አየሩ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መኪናህ ከፋብሪካ በ70 የፈረስ ጉልበት ወጥታ ቢሆን እዚህ የሚደርስህ 57 ገደማ ነው። ደጀን ስትደርስ ሩብ ያህሉ የለም። ሲኖትራኩ በቱርቦ አየሩን ጨምቆ ስለሚወስድ ነው የሚያልፍህ።

ማርሚታውን ተወው። እኔም በጉብዝናዬ ቆርጬ አውቃለሁ። እንደዚያ ስትጮህ የበረረች መሰለኝ። የጋራዥ አለቃዬ ምንም ሳይናገር የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ወደ ቤዛዊት ዳገት ወሰደኝ። በ3ኛ ማርሽ ከታች እስከ ላይ ነዳሁ። ከማርሚታዋ ጋር ከወጣችበት ጊዜ አንድ ሰከንድ እንኳ አልቀነሰችም። ማታውኑ መልሼ በየድኩት።

ፊልትሮ ማውጣት ደግሞ ሞተሩን አሸዋ ማብላት ነው። ኮረኮንች ላይ የሚገባው አቧራ ሲሊንደሩንና ፋሻውን፣ ማለትም የፒስተኑን ቀለበት፣ ይፍቃል። አዲስ ፊልትሮ ግዛ፣ አለቀ። ቱርቦውንም እርሳው፤ ፒስተኑ ለዚያ ጫና አልተሠራም፣ ወጪውም አይቀመስም።

አሁን ካንዴላ፣ ማለትም እሳት የሚጭረውን፣ ፍታና ጫፉን እይ። የተቆላ ገብስ ከመሰለ ደህና ነው። እንደ ድስት ቂጥ ከጠቆረ ቤንዚን በዝቶባታል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ለቆላ አየር ከተለካ እዚህ የሚሰጠው ቤንዚን ይበዛል። ውስጡ ቤንዚን የምታሳልፍ ባለቀዳዳ ትንሽ ናስ አለች፤ ቀዳዳዋ አንድ ቁጥር በምትጠበው ይቀይሩልህ። አደራ፣ በሽቦ እንዳይጎረጉሯት! ከዚያ ታይሚንጉን፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚጭርበትን ጊዜ፣ ትንሽ ያስቀድሙት። ዳገት ላይ ሞተሩ ካንኳኳ ይመለስ። ቫልቮላውም ይስተካከል። 57ቱን የፈረስ ጉልበት በሙሉ የሚያሠራህ ይኸው ነው፤ 70ውን ማንም አይመልስልህም።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ከመንገድ ስትመለስ አራቱንም ቸርኬ በእጅህ ዳስስ። ሰሞኑን «ጉልበት አጣች፣ ሞተር ላሳድስ» ያለ ሰው መጥቶ ነበር። የኋላ ቀኝ ቸርኬዋ ላይ ውሃ ጠብ ባደርግበት ጭስ አለ። ፍሬኗ ነክሶ ይዟት፣ ከአዴት ድረስ እንደዚያ ስትጎተት መጥታለች።