ከረጢቱን እንደ ጎመን አትጭመቁት

ባለፈው ወር የጎረቤቴ ልጅ ብርጭቆ ይዞ በሬን አንኳኳ። የድሬ ልጅ ስለሆነ «እርስዎ» የሚባል ነገር አያውቅም። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን እያት። ምን ነክቷት ነው?» አለኝ። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አነሳሁት። አጥሚት ነው የሚመስለው። ከኋላው ያደረግኩት ጣቴ እንኳን አይታየኝም።

ለካ ቤቱ ቢራ እየጠመቀ ነው። ብቅሉን በመረብ ከረጢት ከቶ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ አውጥቶታል። «ከዚያስ?» አልኩት። «ከዚያማ ጨመቅኩት» አለና በሁለት እጁ አሳየኝ። እናቱ የተቀቀለ ጎመን ስትጨምቅ እንዲሁ ነው የምታደርገው።

እኔ ቢራ ፋብሪካ ውስጥ 30 ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አብዛኛው ዕድሜዬ ያለቀው ብቅል በሚጠመቅበት ክፍል፣ በእንፋሎት መሃል ነው። ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልጻፍላችሁ ብዬ ነው።

ዎርት የምንለው እርሾ ሳይገባበት በፊት ያለውን ጣፋጭ የብቅል ጭማቂ ነው። ጉሽ ሆኖ ሲወጣባችሁ ከረጢቱን ትወቅሳላችሁ። ቀዳዳው ሰፋ፣ ደቃቅ ጨርቅ ይፈለግ ትላላችሁ። ጨርቁ መያዣ ነው እንጂ ማጣሪያ አይደለም። የሚያጠራው የገብሱ ቅርፊት ነው። ፋብሪካ ውስጥም ያው ነው። በማጣሪያው ጋን ስር ያለው ስንጥቅ ስንጥቅ ያለው ብረት ብቻ ነው። ቅርፊቱ በላዩ ይተኛና ራሱ ወንፊት ይሆናል። መጀመሪያ የሚወርደው ዎርት ጉሽ ስለሆነ ተመልሶ ከላይ ይፈስሳል። ሲጠራ ብቻ ወደ መቀቀያው ይለቀቃል።

ወጣት ሳለሁ ፈረቃዬ ቶሎ እንዲያልቅልኝ ቫልቩን በአንዴ በረገድኩት። ቅርፊቱ ተስቦ ስሩ ላይ ተለጠፈ። ጠብ የሚል ጠፋ። ከስር ሙቅ ውሃ አስገብተን፣ አላልተን፣ እንደገና እስኪተኛ ስንጠብቅ ነጋ። የፈረቃ ኃላፊዬ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ዝም ብሎ ሰዓቱን ያያል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ነገሩ የሚጀምረው ከወፍጮው ነው። ወፍጮ ቤት ሄዳችሁ «ፍጭልኝ» ካላችሁ ዱቄት ነው የምትቀበሉት። ቅርፊቱ ከደቀቀ ወንፊት የላችሁም። ዱቄቱ ደግሞ በየትኛውም ከረጢት ያልፋል፤ ድስቱ ስር ተቀምጦም ያርራል። «ክርትፍ አድርግልኝ» በሉት፤ ቆማችሁም እዩ። (አንዱ ልጅ በርበሬ በተፈጨበት ወፍጮ አስከርትፎ መጥቶ ነበር። ስለዚያ ቢራ ባናወራ ይሻላል።) በእጅ የሚዞር ወፍጮ ካላችሁ እሱ ይበልጣል። ለ10 ሊትር ቢራ 2 ኪሎ ተኩል ገደማ ብቅል ይበቃል። ከመከርተፋችሁ 10 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ 50 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ አንድ የቡና ስኒ የማይሞላ ማለት ነው፣ ረጨት ረጨት አድርጋችሁ አገላብጡት። ቅርፊቱ ይለሰልሳል። ፍሬው ሲሰበር እሱ ሳይደቅ ይቀራል።

ከረጢቱን ሐረር ስትወጡ ልብስ ሰፊዎቹ ያሉበት መንገድ፣ መኪና ግርግር፣ ብታሰፉት በደቂቃ ይጨርሱላችኋል። ሙቀት የሚችል ናይለን ወይም ፖሊስተር ይሁን፤ ከድስቱ አፍ ሰፋ ይበል። ከአጎበር ግን እንዳታሰፉ። አጎበር ፀረ ትንኝ መድኃኒት የተነከረ ነው፤ አጠብኩት ብላችሁ አትጽናኑ። ሲደረግ ስላየሁ ነው የምለው።

ወደ ውሃው ልምጣ። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያችሁን ምን እንደሚያደርገው ታውቃላችሁ፤ ውስጡን ነጭ ድንጋይ ያለብሰዋል። ያ ነገር ብቅሉ ውስጥ ሲገባ አሲዱን ይገድለዋል። አሲዱ ሲወርድ ዎርቱ ይጎሻል፤ የቅርፊቱ ምሬትም ይወጣል። መፍትሔው ርካሽ ነው። ማታ ውሃውን አንተክትኩትና አሳድሩት። ጠዋት ነጩ ደለል ስር ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ከላይ ያለውን በቀስታ ቅዱ። ብቅሉ ከገባ በኋላ አሲዱን በሚለካው የፒኤች ወረቀት ለኩ፤ ከ5.2 እስከ 5.6 መሃል ከሆነ ጥሩ ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ አሲዱ አንሷል ማለት ነው፤ ሎሚ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ እንደገና ለኩ። ጠብ ጠብ አልኩ እንጂ ጭመቁበት አልወጣኝም፤ አለዚያ የሎሚ ጭማቂ ነው የምትጠጡት።

ብቅሉን በ66 ዲግሪ ገደማ፣ ድስቱን በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ፣ 60 ደቂቃ አቆዩት። ያኔ ለማውጣት አትቸኩሉ። ከፋርማሲ አዮዲን ግዙ። ነጭ የስኒ ማስቀመጫ ላይ ትንሽ ዎርት አድርጉና አንድ ጠብታ ጣሉበት። ወደ ሰማያዊ ጥቁር ከተለወጠ ስታርቹ ገና ወደ ስኳር አልተቀየረም፤ 15 ደቂቃ ጨምሩለት። በስታርች የጎሸ ዎርት ብታሳድሩትም ብትቀቅሉትም አይጠራም። የሞከራችሁበትን ጠብታ ድፉት፤ ወደ ድስቱ አይመለስም።

አሁን ከረጢቱን ማውጣት መጣ። የጎረቤቴን ልጅ ያስቸገረው እዚህ ላይ ነው። በሁለተኛው ጠመቃ ቤቱ ሄድኩ። ከረጢቱን መንጭቆ ሊያነሳው ሲል እጁን ያዝኩት። ከመነሳቱ 10 ደቂቃ በፊት ማማሰል አቁመን እሳቱን ወደ 75 ዲግሪ ከፍ አደረግን። ሙቀት ሲጨምር ዎርቱ ይቀጥናል፤ በቀላሉ ይወርዳል። ከዚያ ከረጢቱን በጣም በቀስታ አነሳነው። ድስቱ አፍ ላይ የእናቱን የፓስታ ማጥለያ አስቀምጠን በላዩ አሳረፍነው። ብቅሉ ተደላድሎ እንዲተኛ ሁለት ደቂቃ ዝም አልነው።

ከዚያ በጆግ ከድስቱ እየቀዳን ከላይ መመለስ ጀመርን። ማንኪያ በጀርባው ይዤ በሱ ላይ ነው ያፈሰስነው፤ ዝም ብላችሁ ከደፋችሁበት ብቅሉን ይቦረቡረዋል፣ ዎርቱም በቦረቦረው ቀዳዳ ሳይጣራ ይወርዳል። የመጀመሪያው ጆግ አጥሚት ነበር። ሦስተኛው እንደ ወተት የገባበት ሻይ። ስድስተኛው ላይ ልጁ ብርጭቆ አምጥቶ በስልኩ መብራት ከኋላ አበራበት። ጣቱ ታየው። ጮኸ፣ እናቱ ደንግጣ መጣች። ሁሉም ነገር 12 ደቂቃ ፈጅቷል።

ከረጢቱ ውስጥ የቀረው ስኳር ያሳዝናል፤ ይገባኛል። ትንሽ ሙቅ ውሃ አፍስሱበት፤ ከ77 ዲግሪ አይለፍ። መጭመቅ ካለባችሁ ሌላ ዕቃ ውስጥ ጭመቁና አሳርፉት፤ ጥሩውን ብቻ ጨምሩ። አንድ ነገር ላምን። ለብዙ ዓመታት መጭመቅ ቢራውን ያመርረዋል ብዬ ወጣቶችን አስፈራርቻለሁ። ምሬቱን የሚያወጣው በዋናነት ሙቀትና አሲድ ያነሰው ውሃ ነው። ጭመቃው የሚያመጣው ዱቄቱን ነው።

ቅቀላው ላይ አትሰስቱ። ድሬ ላይ ውሃ በ96 ዲግሪ፣ ሐረር ላይ ደግሞ በ94 ገደማ ነው የሚንተከተከው። ስለዚህ ለስለስ ያለ እሳት እዚህ አገር አይሠራም። ድስቱ ሳይከደን 60 ደቂቃ ይንተክተክ። ፕሮቲኑ ተጠራቅሞ እንደ እንቁላል ፍርፍር ሲንሳፈፍ ታያላችሁ። ያ ሲታይ ጥሩ ምልክት ነው፤ ተቆራርጦ ስር ሊቀመጥ ነው። ከዚያ ቶሎ አቀዝቅዙት። የድሬን የግንቦት የቧንቧ ውሃ ለማቀዝቀዣ አትመኑት፤ ሻይ ማፍላት ነው የሚቀረው። ትልቅ ሳፋ ውስጥ ድስቱን አስቀምጣችሁ ዙሪያውን ፍሪዘር ውስጥ ያደረ የሃይላንድ ጠርሙስ ደርድሩ። ሲቀዘቅዝ ሌላ ደቃቅ ነገር ይወርዳል። ግማሽ ሰዓት አሳርፉትና በንጹሕ ቱቦ ከላይ ሳቡ፤ ስር ያለው አተላ ይቅር።

ይህን ሁሉ ብዬም፣ ዎርታችሁ ትንሽ ደብዘዝ ካለ እንቅልፍ አትጡ። ጥቂት ደለል እርሾውን ይመግበዋል እንጂ አይጎዳውም። ጉሽ ዎርት ጥሩ ቢራ ሲሆን፣ እንደ መስታወት የጠራው ደግሞ ሲበላሽ አይቻለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ስሩ የሚያርረው ዱቄትና ስታርቹ ነው።

ከረጢቱን በዚያው ሰዓት ገልብጣችሁ በሙቅ ውሃ እጠቡ፤ ፀሐይ ላይ ስቀሉ። ካደረ ይሸታል። የጎረቤቴ ልጅ እናት ልታግዘው ብላ ከልብስ ጋር በዱቄት ሳሙና ዘፈዘፈችለት። ሦስተኛው ቢራው ጋዜጣ የሚያስነብብ ጥራት ነበረው፤ አረፋው ግን ገና ከመቅዳቱ ጠፋ።