አባትሽ «ጭላዳ ልትጠብቂ ነው እንዴ?» ላሉሽ እህት

ሰላም እህቴ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል፣ ተመሳሳይ ጥያቄ ያላቸው ብዙ ልጆች ስላሉ ስምሽን ሳልጠቅስ እዚሁ ልመልስልሽ። ያልሽኝ ባጭሩ ይሄ ነው፦ የመንዝ ልጅ ነሽ፣ ፍሬሽማን ጨርሰሽ ዲፓርትመንት ስትሞዪ አካውንቲንግ አንደኛ አድርገሽ የደረሰሽ ግን የዱር እንስሳትና ኢኮቱሪዝም ነው፣ አባትሽ ሲሰሙ «ይሄን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ ጭላዳ ልትጠብቂ ነው እንዴ?» አሉ፣ አንቺም አሁን ልቀይር ወይስ ልቀጥል እያልሽ እንቅልፍ አጥተሻል። «ደን ጠብቆ ማን እንጀራ በላ» የሚለውን ያሉት እሳቸው ይሁኑ አንቺ አልገባኝም፣ ለማንኛውም ከሱ ልጀምር።

በአክብሮት ነው የምለው፣ የመንዝ ሰው ይሄን ሲል ትንሽ ይገርመኛል፣ ጓሳ የሚባለው የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ እኮ እናንተው ጋ ነው ያለው። ጓሳን አያቶቻችሁ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚሉት የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ሲጠብቁት የኖሩት ለቀይ ቀበሮ አዝነው አይደለም፣ ሣሩን ፈልገው ነው። የጓሳ ሣር የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ ድርቅ ሲመጣና ሌላው ግጦሽ ሁሉ ሲያልቅ ደግሞ ለከብቱ የመጨረሻ መጠጊያ ነው፣ ስለዚህ ተመካክረው ሦስት ዓመት አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጉታል፣ ሣሩ ሲደርስ በተቆረጠለት ቀን ይከፈታል፣ ከዛ በፊት የገባ ይቀጣል። የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፣ በኋላ ነው ማኅበረሰቡ በኮሚቴ ተደራጅቶ መልሶ የያዘው። ዛሬ በዓለም ላይ ጎልማሳ ቀይ ቀበሮ ከ500 በታች ነው የቀረው፣ ከቀረላቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ጓሳ የሆነው የአካባቢው ሰው ለራሱ ጥቅም ብሎ ስለጠበቀው ነው። ቱሪስት ሲመጣ የሚያድርበት የማኅበረሰብ ሎጅም አለ፣ መንገድ መሪው፣ ባለ በቅሎው፣ አብሳዩ የሰፈሩ ሰው ነው። እንግዲህ አባትሽን ጭላዳውን ትተሽ ስለ ሣሩ አውሪያቸው፣ ከኔ በላይ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት፣ ምናልባት የቄሮን ታሪክ እሳቸው ለአንቺ ይነግሩሽ ይሆናል።

ግን ጓሳ ብቻውን ለሥራ ጥያቄሽ መልስ አይሆንም፣ ስለዚህ ወደ ወላይታ እንሂድ፣ ሁምቦ። እዛ ያለው ተራራ ለማገዶና ለከሰል ተጨፍጭፎ ተጨፍጭፎ ራቁቱን ቀርቶ ነበር፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጎርፉና ደለሉ ታች ያለው ማሳ ላይ ነው የሚራገፈው። ወርልድ ቪዥን ከገበሬዎቹ ጋር ሥራ ሲጀምር (እ.ኤ.አ. 2006 አካባቢ ነው) ዋናው ነገር ችግኝ መትከል አልነበረም፣ የተተከለም አለ ግን ዋናው እሱ አይደለም። ዛፉ ቢቆረጥም ሥሩ መሬት ውስጥ በሕይወት ነበረ፣ ከአንዱ ጉቶ ብዙ ቀንበጥ ይወጣል ከብት ይበላዋል፣ እንደገና ይወጣል ሰው ይቆርጠዋል፣ እንዲህ እያለ ቁጥቋጦ ሆኖ ይቀራል። ያደረጉት ምንድነው፣ ቦታውን ከልክለው ከየጉቶው ጠንከር ጠንከር ያሉትን ቀንበጦች መርጠው ማስቀረትና ሌላውን መመልመል ነው፣ በቃ። የተመለመለው ማገዶ ሆነ፣ ሣሩ እየታጨደ ለከብት ሄደ፣ ማለት ገበሬው ዛፉ ትልቅ እስኪሆን ሃያ ዓመት አልጠበቀም፣ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ የሚያገኘው ነገር ነበረው። ከ2,700 ሄክታር በላይ እንደዚህ አገገመ፣ ሰባት የደን ህብረት ሥራ ማህበራት ተቋቋሙ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ዛፉ ከአየር የሚስበውን ካርቦን ለመሸጥ በሚያስችለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት (ሲዲኤም ይሉታል) ተመዘገበ፣ የዓለም ባንክም ባዮካርቦን በሚባለው ፈንዱ 165 ሺህ ቶን ካርቦን ሊገዛ ተዋዋለ። በካርቦኑ ገንዘብ ከተሠሩት ነገሮች መሃል የእህል መጋዘንና ወፍጮ ቤት አሉበት። ቆሞ ባለ ዛፍ ወፍጮ ቤት ተተከለ፣ ይሄን ለአባትሽ ንገሪያቸው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። እዚህ ታሪክ ውስጥ ማን ሥራ ሠራ ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። ዛፍ ለይቶ የለካ አለ፣ በጂፒኤስ ድንበር ያሰመረ አለ፣ ካርቦኑን አስልቶ ሪፖርት ያዘጋጀ አለ፣ መተዳደሪያ ደንቡን ከገበሬው ጋር ተቀምጦ ያረቀቀ አለ፣ ከብቴን የት ልወስደው ብሎ የተቆጣውን ሽማግሌ ያረጋጋ አለ፣ የማህበሩን ገንዘብ መዝግቦ የያዘ አለ። ከነዚህ ስንቱ ነው ጫካ ውስጥ ቆሞ የሚጠብቅ? ጠባቂ የተከበረ ሥራ ነው፣ ንቀት አይደለም፣ ግን ዲግሪሽ የሚፈልግሽ ሌላ ቦታ ነው፣ ደኑንና የሰዉን ኪስ የሚያገናኘው ቦታ ላይ። የኔ ምክር ሙሉ በሙሉ እዚህ ላይ ነው ያለው፣ ዛፍ ብቻ የሚያውቅ ተመራቂ ሞልቷል፣ ደኑ ሳይጨፈጨፍ ገበሬው እንዴት ብር ያገኛል ለሚለው መልስ ያለው ግን ጥቂት ነው።

ስለ አካውንቲንግ ደግሞ አንድ ነገር ልበልሽ። እኔ እስከማየው የደን ማህበራት የሚዳከሙት ብዙ ጊዜ በዛፍ እጥረት ሳይሆን በሂሳብ ነው፣ የማርና የቡናው ብር ይገባል፣ ማን ስንት እንደወሰደ ወረቀት የለም፣ ሰው መጠራጠር ይጀምራል፣ ከዛ መጥረቢያው ይመለሳል። ስለዚህ አካውንቲንግ ከወደድሽ ዲፓርትመንት ሳትቀይሪም ጎን ለጎን የሂሳብ አያያዝና ፒችትሪ (የሂሳብ ሶፍትዌር ነው) ኮርስ መውሰድ ትችያለሽ፣ የዱር እንስሳት ዲግሪ ያላትና የማህበር ሂሳብ መዝጋት የምትችል ልጅ ሲቪዋ ከሌላው ይለያል።

ቡና ላይ ደግሞ አሁን በጣም ልታዪው የሚገባ ነገር አለ። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያዎቹ የቡና ደኖች ካፋና ያዩ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭ (ሰውና ተፈጥሮ አብረው የሚኖሩበት ጥብቅ ሥፍራ) ተብለው ተመዝግበዋል፣ ጥላው ሥር ቡናው አለ፣ ኮረሪማው አለ፣ ጥምዙ አለ፣ ዛፉ ላይ ቀፎው ተሰቅሏል፣ የጌተም ዛፍ ሲያብብ ነጭ ማር ይቆረጣል። ይሄ ሁሉ ጥላ ከሌለ የለም፣ ስለዚህ ገበሬው ዛፉን ከቆረጠ የሚያጣው ብዙ ነገር ነው። ቦንጋ አካባቢ አሳታፊ የደን አስተዳደር (በፕሮጀክት ቋንቋ ፒኤፍኤም የሚሉት) ከተጀመረ ቆይቷል፣ ማህበሩ ከመንግሥት ጋር ውል ይፈርማል፣ ደኑን ይጠብቃል፣ ከእንጨት ውጭ ያለውን ምርት ይጠቀማል። የደን አዋጁ፣ ቁጥር 1065/2010፣ የማኅበረሰብ ደንን እንደ አንድ የባለቤትነት ዓይነት ያውቀዋል፣ አንብቢው፣ ኢንተርቪው ላይ ይጠቅምሻል።

እና አዲሱ ነገር ምን መሰለሽ፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ አለ፣ ከ2020 ዲሴምበር 31 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የተመረተ ቡና አይገባም ይላል፣ ላኪው እያንዳንዱ ማሳ የት እንዳለ በኮኦርዲኔት ማሳየት አለበት፣ ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ደግሞ ዙሪያውን በካርታ። የሚጀምርበት ጊዜ ደጋግሞ ተራዝሟል፣ ገና ሊነካካም ይችላል፣ ግን ጀርመንን የመሰሉ ትልልቅ ደንበኞቻችን እዛ ስለሆኑ ዩኒየኖችና ላኪዎች ዝም ብለው መጠበቅ አይችሉም። የገበሬው ማሳ ደግሞ አብዛኛው ግማሽ ሄክታር ምናምን ነው፣ አስቢው ስንት ማሳ እንደሚመዘገብ! ታብሌት ይዞ ከገበሬ ጋር የሚሄድ፣ ዳታውን የሚያጠራ፣ ከሳተላይት ካርታ ጋር የሚያመሳክር ሰው ይፈለጋል። ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ ሶፍትዌር በነፃ ነው የሚወርደው፣ ዩቲዩብ ላይ ትምህርቱ ሞልቷል፣ ከዛሬ ጀምሪ።

ውሃውንም አትርሺ። የባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፣ ሰው ስለ ቀይ ቀበሮውና ስለ ደጋ አጋዘኑ ነው የሚያወራው፣ ግን ዋቤ ሸበሌም ገናሌም ውሃ የሚያገኙት ከዛ ነው፣ ታች ቆላ እስከ ሶማሊያ ድረስ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰውና ከብት በሱ ነው የሚኖረው። የዚህን ዋጋ ማስላት ራሱ ሙያ ነው፣ ማስተርስ ስትደርሺ የአካባቢ ኢኮኖሚክስ የሚባለውን እዪው።

አሁን ደስ የማይለውን ልንገርሽ፣ ስብከት ብቻ እንዳይሆን። ጥበቃ ሁሌ ለአካባቢው ሰው ጥቅም ያመጣል ማለት አይደለም። ሰሜን ተራሮች ውስጥ የነበሩት የግጭ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርጓል፣ ፓርኩ በዓመቱ ከዩኔስኮ አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ወጣ፣ እሰየው፣ ግን ዕድሜውን ሙሉ ገብስና በግ ያውቅ የነበረ ሰው ከተማ ዳር ምን ሠርቶ ይበላል የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም። ዝንጀሮ ማሳውን ያወደመበት ገበሬ ፊት ቆመሽ «ዱር እንስሳት ሀብት ነው» ብትይው ይስቅብሻል፣ ልክም ነው፣ ሀብቱን ቱሪስቱና መንግሥት አዩት እንጂ እሱ ያየው የተበላ በቆሎ ነው። ይሄን የማያውቅ ባለሙያ ፕሮጀክቱን ይዞ ይወድቃል።

ደመወዙም እንደዛው፣ መንግሥት ቤት ጀማሪ ደመወዝ ትንሽ ነው፣ የኤንጂኦው ይሻላል ግን ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ኮንትራቱም አብሮ ያልቃል፣ ቱሪዝሙ ደግሞ ሰላም ሲጠፋ መጀመሪያ የሚቆመው እሱ ነው፣ ይሄን ለእናንተ አካባቢ ሰው መንገር አያስፈልግም። ለዚህ ነው ቱሪዝም ላይ ብቻ እንዳትንጠለጠዪ የምልሽ፣ ጎብኚ ባይመጣም ማሩ ይቆረጣል፣ ቡናው ይለቀማል።

እና ልቀይር ወይ ላልሽው፦ ቁጥር ከልብሽ የምትወጂ ከሆነና ቢሮ ውስጥ መዋል ካልከበደሽ ቀይሪ፣ ማንም አይፈርድብሽም። የምትቀይሪው ግን የአባትሽን ፊት ለማስደሰት ወይም ጓደኞችሽ ስለሳቁ ከሆነ አትንኪው። ለነገሩ አካውንቲንግም ተመራቂው እንደ ጉድ ነው፣ እዛ ሥራ እየጠበቀሽ ነው ያለሽ ማነው?

ከቀጠልሽ እንዲህ አድርጊ። ለኢንተርንሺፕ ሁሉም ሰው ወደሚሮጥበት አዲስ አበባ አትሂጂ፣ ጓሳ ኮሚቴ ጋ ወይም ካፋ ወይም ባሌ ማህበራት ጋ ጠይቂ፣ የድጋፍ ደብዳቤውን ከዲፓርትመንት ቀደም ብለሽ አጽፊ ምክንያቱም መጨረሻ ላይ ሁሉም ይጋፋል። እዛ ስትሆኚ ከኃላፊው ይልቅ ገንዘብ ያዡንና ሴቶቹን አነጋግሪ፣ ማገዶ የሚለቅሙት እነሱ ናቸው፣ ደኑ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚጎዱትም እነሱ፣ ስብሰባ ላይ ግን ዝም የሚሉት እነሱ ናቸው፣ ሴት በመሆንሽ ለወንድ ባለሙያ የማይነግሩትን ይነግሩሻል። የመመረቂያ ጥናትሽንም ከዚሁ አውጪው፣ ለምሳሌ አንድ ቤተሰብ ከጓሳ በዓመት የሚያገኘው በብር ስንት ነው ብለሽ ብትሠሪ ጥሩ ርዕስ ነው። አፋን ኦሮሞ የማትችዪ ከሆነ አሁን ጀምሪ፣ ብዙው የደን ሥራ ያለው ኦሮሚያና ደቡብ ምዕራብ ነው። የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድም አውጪ፣ አትሳቂ፣ ወረዳ ላይ የሚሠራ ፕሮጀክት መኪናው አንድ ነው፣ ሞተር የማይነዳ ሰው ቢሮ ቁጭ ይላል፣ ማስታወቂያዎቹ ላይም ብዙ ጊዜ ተጽፎ ታገኚዋለሽ።

የመቀየሪያ ቀኑ ስንት እንደቀረው ሬጅስትራር ጠይቂና ጻፊልኝ፣ ካልቀየርሽ ሲቪሽን አብረሽ ላኪው፣ አንድ ገጽ ትሁን፣ ፎቶም ሆነ የሃይስኩል ሰርተፍኬት አያስፈልግም።