በሩን ከመቀየርሽ በፊት የቪቴውን ቀዳዳ እዪው

ሰላም እህቴ። የጻፍሽውን አነበብኩት። የኪችን ካቢኔትሽ በር ተንጋዶ የጎኑን በር ይጭራል። የላይኛውን ማጠፊያ ስታጠብቂው ለጥቂት ቀን ይይዝና ተመልሶ ይላላል። አናጺው ደግሞ «በሩ መቀየር አለበት» ብሎሻል። አትቸኩዪ! እዚህ ባሕር ዳር የቤቴንም የዘመድ ጎረቤቱንም ካቢኔት ስጠግን ኖሬአለሁ፤ አንቺ የገለጽሽው ዓይነት ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ በኮላና በስቴኪኒ ይድናል።

መጀመሪያ የላላው የቱ ጋ እንደሆነ ለዪ። በሩን ክፈቺና ጫፉን ይዘሽ ቀስ ብለሽ ወደ ላይ ወደ ታች ነቅንቂው፤ ዓይንሽ ግን ማጠፊያው ላይ ይሁን። የማጠፊያው ክንድ ብቻ ከተንሸራተተ ነገሩ ቀላል ነው፣ የኋለኛዋን ቪቴ ማጥበቅ ይበቃል። ካቢኔቱ ጎን ላይ የተመታው ብረት ከጣውላው ብድግ ካለ፣ ወይም በሩ ውስጥ የተቀበረው ክብ ብረት ከጉድጓዱ ከወጣ ግን ቀዳዳው ተበልቷል ማለት ነው። ያንቺ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ ይመስለኛል፤ ክንዱ ቢሆን ኖሮ አንዴ ጠብቆ ይቀር ነበር።

ለምን ይበላል? የአብዛኞቻችን ካቢኔት ቺፑድ ነው፣ የእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተጨምቆ የተሠራ። የቪቴው ጥርስ አንዴ ያንን ፍቅፋቂ ከፈጨው የሚነክሰው ነገር አያገኝም፤ ባጠበቅሽው ቁጥር ዱቄት ብቻ እያወጣ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ቪቴውን ስታወጪው ጥርሱ ላይ ቡናማ ብናኝ ተጣብቆ ታዪያለሽ። የላይኛው ማጠፊያ ቀድሞ የሚሄደውም በምክንያት ነው፤ የበሩ ክብደት የላዩን ወደ ውጭ ይስበዋል፣ የታችኛውን ደግሞ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። በሩ ጀርባ ላይ የቅመም መደርደሪያ ወይም የቆሻሻ ባልዲ ከሰቀልሽ ዛሬውኑ አውርጂው።

አሁን ወደ ሥራው። በሩን የሚይዝልሽ ሰው ጥሪ፣ ካልሆነ ከሥሩ መጽሐፍ ደርድረሽ ደግፊው። የላላውን ማጠፊያ ፍቺና ቀዳዳውን እፍ ብለሽ ብናኙን አውጪ። ስቴኪኒ የእንጨት ኮላ ውስጥ እየነከርሽ ቀዳዳው ውስጥ ጠቅጥቂ፣ አንድም የማይጨምር እስኪሆን ድረስ። የተረፈውን ከላዩ እኩል ቁረጪና እስከ ነገ ተዪው። እባክሽ እዚህ ላይ ትዕግሥት ይኑርሽ! ብዙ ሰው ማታ ምግብ ማብሰያ ሰዓት ስለደረሰ ብቻ ኮላው ሳይደርቅ ይገጥመውና «አልሠራም» ይላል። በነጋታው በ2 ሚሊ ሜትር መብሻ መሐሉን ትንሽ ብሺና ቪቴውን በእጅ ካቻቢቴ አስገቢ። በድሪል አይሆንም፣ ኃይሉ ቺፑዱን ዳግም ይፈጨዋል። ቪቴው ሲጠብቅ ይሰማሻል፤ እዚያው አቁሚ።

ቀዳዳው በጣም ከሰፋ ስቴኪኒ አይበቃውም። ያኔ በ8 ሚሊ ሜትር መብሻ አስፍተሽ ለቀዳዳው ልክ የሆነ ክብ የዋንዛ እንጨት ቁራጭ አስቀርጸሽ በኮላ ትተክያለሽ። ዋንዛ አናጺ ቤት ሁሉ ይወድቃል፣ ብትለምኚም ይሰጡሻል። ጣውላው ብዙውን ጊዜ 16 ወይም 18 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በወዲያ በኩል እንዳይበሳ መብሻው ላይ ከጫፉ 12 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ስኮች ጠቅልይበት፣ እዚያ ስትደርሺ አቁሚ። ረዘም ያለ ቪቴ ግዢ የሚሉሽን አትስሚ፣ ጫፉ በበሩ ፊት ይወጣል። ሱፐር ግሉም አልመክርም፤ ደረቅ ስለሆነ በሩ በተከፈተ በተዘጋ ቁጥር ይሰነጠቃል።

ከገጠምሽ በኋላ በሩ አሁንም ትንሽ ካዘመመ አትደንግጪ። ለበሩ የምትቀርበዋ ቪቴ ግራና ቀኝ ታንቀሳቅሰዋለች። ሩብ ዙር እያዞርሽ እየዘጋሽ እዪው፣ ከጎኑ በር ጋር ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል እስኪሆን።

አንድ ያልጻፍሽው ነገር አለ፤ በሩ ከሲንኩ ሥር ነው? ከሆነ ከሁሉ በፊት ሲፎኑን፣ ማለትም ከሲንኩ ሥር ያለውን የፍሳሽ ቧንቧ፣ በደረቅ ሶፍት ጠርገሽ እርጥበት መኖሩን እዪ። እዚህ ጣና ዳር ሐምሌና ነሐሴ ልብስ እንኳ ቶሎ አይደርቅም፣ ውኃ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሲጨመርበት ቺፑዱ ያብጣል። ያበጠ ቺፑድ ደግሞ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም፣ ኮላም አይይዘውም። ማጠፊያው አካባቢ በጣት ስትጫኚው እንደ ረጠበ ዳቦ ከላላ አናጺው ልክ ነው፣ በሩ ይቀየር። ግን በሩ ብቻ እንጂ ካቢኔቱ በሙሉ አይደለም። ስታሠሪም አራቱም ጠርዝ እንዲታሸግ አጥብቀሽ ንገሪው፤ የታችኛውን ጠርዝ አይታይም ብለው ክፍቱን የሚተዉት ብዙ ናቸው። ማጠፊያ የምትገዢ ከሆነ አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ፣ ምክንያቱም የክንዱ እጥፋት ቀጥ ያለም ጎበጥ ያለም አለ፣ ካልገጠመ በሩ አይዘጋም።