ጀበና ላይ ጀበና አትስፊ

እህቴ፣ ካናዳ ላለችው እህትሽ የቡና ሥነ ሥርዓት ያለበት የአልጋ ልብስ እየሠራሽላት ነው፤ እጅሽ ይባረክ። ጀበናውና ስኒዎቹ ላይኛው ጨርቅ ላይ ተለጥፈው አልቀዋል። አሁን የጨነቀሽ ላይኛውን ጨርቅ መሃል ከሚገባው ሙሌት፣ ከፋይበሩ፣ እና ከገበሩ ጋር የሚያያይዘው ስፌት ምን ንድፍ ይኑረው፣ ንድፉስ እንዴት ጨርቁ ላይ ይገልበጥ የሚለው ነው።

እኔ ብሆን ጀበናውን አልነካውም። ጠርዙን ተከትዬ አንዴ እሰፋና እተወዋለሁ። የቀረውን ባዶው ቦታ ይናገር። ከላይ የዕጣን ጭስ፣ ከታች ቄጠማ፣ ዳር ዳሩን የቡና ቅርንጫፍ። ቅጠሎቹን ጥንድ ጥንድ አድርገሽ ሳዪ፣ ቡና ቅጠሉን የሚያወጣው ፊት ለፊት ነው። ፍሬውን ደግሞ ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ጋር የሚገናኝበት ላይ ሰብስቢው። ጭሱ ለስፌት መኪና ይመቻል፤ ክር ሳይበጠስ እስከ ላይ ይሄዳል። አበባ የበዛበት ጨርቅ ላይ ግን አትድከሚ፣ ስፌቱ አይታይም። «ቡና» ብዬ ልጻፍበት ላልሽው፣ ይቅርብሽ። ጀበና አይቶ ማን ይጠፋዋል?

ፋይበሩ ማሸጊያ ላይ ሌላ ልክ ካልተጻፈ በቀር በመስመሮች መሃል ከ10 ሳንቲም በላይ አትተዪ። ዳሩን አጥብቆ ሰፍቶ መሃሉን ባዶ መተውም ጨርቁን ያጨማድደዋል።

ወደ መገልበጡ ስንመጣ፣ ቅርንጫፉን ወረቀት ላይ ሳዪና አራት ኪሎ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ባንዱ መጠኑን አስጨምሪው። ከኤ4 ወደ ኤ3 ከሆነ 141 በመቶ በያቸው። ነጣ ላለው ጨርቅ ወረቀቱን ፀሐይ ያለበት መስኮት ላይ በፕላስተር ለጥፊ፣ ጨርቁን ደርቢበትና መስመሩን ተከተይ። ይህ ፋይበሩ ከመግባቱ በፊት ነው፤ ከገባ በኋላ ብርሃን አያሳልፍም።

ቡናማው ጨርቅ ላይ መስኮት አይሠራም። ክሩን ከመኪናው አውጪና በባዶ መርፌ የወረቀቱን መስመር ስፊው፣ ይበሳሳልሻል። ወረቀቱን ጨርቁ ላይ በስፒል ያዢው። የነጭ ጠመኔ ዱቄት አሮጌ ካልሲ ውስጥ ቋጥረሽ መታ መታ ስታደርጊበት ነጠብጣቡ ጨርቁ ላይ ይወጣል። ቶሎ ስለሚረግፍ አንዱን ዳር ሰፍተሽ ሳትጨርሺ ሌላውን አትንኪ። ለጭሱ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ በደረቀ የሳሙና ስባሪ በእጅሽ ሳዪው።

የቢሮ ካርቦን ወረቀት እንዳትሞክሪ፣ አይለቅም። በውሃ የሚጠፋውን ሰማያዊ እስክሪብቶ ከተጠቀምሽ በቀዝቃዛ ውሃ ሳታጥቢ ካውያ አታስነኪው፤ ሙቀት እንዳይለቅ ያደርገዋል። በካውያ የሚጠፋው እስክሪብቶ ደግሞ ብርዱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ተመልሶ ይታያል። አዲስ አበባ ለሚቀር ሥራ ግድ የለም ነበር፤ ለካናዳ ግን ተይው።