ከጠመንጃው በፊት ዱካው

ይድረስ በደባርቅ፣ በዳባት፣ በጃናሞራ፣ በአርማጭሆና በቋራ ለምትኖሩ ወጣቶች። ለጤናችሁ እንደምን ከርማችኋል?

ከእናንተ ዘንድ የሚመጣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ዝንጀሮ ማሽላውን ጨረሰ፣ ጅብ በጉን ወሰደ፣ ጃርት ድንቹን ቆፈረ፤ መሣሪያ ትከሻችን ላይ እያለ ስለምን ዝም እንላለን? ማሳ ዳር አድሮ የማያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ ያቃልለዋል። የዓመት እህል በሦስት ጠዋት ሲያልቅ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ብዙዎቻችሁ የምትተኩሱት ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ሳታውቁ ነው። ስለዚህ ከዱካው ልጀምርላችሁ።

በግ ወይም ጥጃ ተበልቶ ሲያድር መንደሩ ግር ብሎ ይወጣና ሥፍራውን ይረግጠዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚነበብ ነገር የለም። መጀመሪያ ሰዉን ከሃያ እርምጃ ወዲያ አቁሙት። ጥርት ያለ ዱካ ስታገኙ ሰፌድ ወይም ገበቴ ድፉበት፤ ነፋስም ዶሮም አያበላሸውም። ዱካ የሚታየው ፀሐይ አግድም በምትወድቅበት ሰዓት፣ ማለዳ ወይም ሊመሽ ሲል ነው። ቀትር ላይ ጥላ ስለማይኖረው መሬቱ ሁሉ አንድ ይመስላል። ፀሐይዋን ከፊታችሁ አድርጉና ጎንበስ ብላችሁ እዩ።

የጅብ ዱካ አራት ጣት ነው፤ ጥፍሩ ከጣቱ ፊት ተወግቶ ይታያል፤ የፊት እግሩ ከኋላው ይተልቃል። አጠገቡ እንደ ኖራ የነጣ ኩስ ካገኛችሁ መጠራጠር አያስፈልግም፤ የሚያነጣው የቆረጠመው አጥንት ነው። የነብር ዱካ ክብ ነው። ሲራመድ ጥፍሩን ስለሚሰበስብ የጥፍር ምልክት አታገኙም፤ የመዳፉ ኋለኛ ጠርዝ ሦስት እብጠት አለው። የቀበሮና የውሻ ይምታታል፤ የሚለየው ከቅርጹ ይልቅ አካሄዱ ነው። ውሻ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ያሸታል፣ ይመለሳል። ቀበሮ ጉዳይ እንዳለው ሰው ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ቀጥሎ በድኑን እዩ። ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ጥቁር ደም ፈሶ፣ ሆዱ ተነፍቶ ካገኛችሁት ቢላ እንዳታነሱ፤ አባሰንጋ ሊሆን ይችላልና ለእንስሳት ሐኪም ተናገሩ። እንዲህ ካልሆነ አንገቱ አካባቢ ያለውን ቆዳ ግፈፉት። ከቆዳው ሥር የረጋ ደምና ብልዝ ካለ እንስሳው የተነከሰው በሕይወት ሳለ ነው። የጥርስ ቀዳዳ ኖሮ ከሥሩ ያለው ሥጋ ንጹሕ ከሆነ ግን አውሬው ያገኘው የሞተ ነው። እንግዲህ ገዳዩን በሽታ ውስጥ፣ ብርድ ውስጥ ፈልጉ እንጂ ገደል ለገደል አትባዝኑ።

ነብር ጉሮሮ ይይዛል፤ ጥርሱ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይበሳል፤ የተረፈውን ይጎትትና ዛፍ ላይ ወይም ቁጥቋጦ ሥር ይሸሽገዋል። ጅብ አጥንቱን ሳይቀር ስለሚውጥ የምታገኙት የተበተነ ፈርስና ትንሽ ቆዳ ነው። አምስት ስድስት በግ ጭኑ፣ ቋንጃውና ጅራቱ ተቦጭቆ፣ ሥጋው ብዙም ሳይበላ ከተገኘ የሰፈር ውሻ ነው። ይህን የሚቀበል ባለውሻ የለም፤ ሁሉም ጣቱን ወደ ጫካ ይቀስራል።

በዚህ መካከል ያለ ኃጢአቱ የሚከሰሰው የሰሜኑ ቀይ ቀበሮ ነው። ዋና ምግቡ አይጥ ነው። እግሩ ረዥም፣ አፉ ሾጠጥ ያለ፣ ጉሮሮው ነጭ፣ የጭራው ጫፍ ጥቁር ነው። ግልገል የሚነጥቀው ብዙውን ጊዜ ግራጫ የሚመስለው ተራ ቀበሮ ነው። ቀዩን እየጨረሰ ያለው ደግሞ ከውሻዎቻችሁ የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ውሻችሁን በየዓመቱ አስከትቡ፤ ልጆቻችሁንም የሚያድን ክትባት ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ ቆቅም ጅግራም ከዚህ አያመልጡም። መሣሪያውን የሚገዛው ሌላ ሕግ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 1177/2012፤ ፈቃድ የሌለው ጠመንጃ የያዘ ሰው ከአደኑ በፊት በመሣሪያው ይጠየቃል። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። ዋልያ ከዚህ ገደል በቀር በዓለም ላይ የሚኖርበት ዱር የለም። እናቲቱ አምስት ወር ተኩል ገደማ አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ትወልዳለች፤ ብዙው ልደት መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። በነሐሴ ጭጋግ እንስት የገደለ ሰው በአንድ ጥይት ሁለት ጥሏል። ቀንዱ የተጠቀለለውን አውራ የጣለም የዘሩን ኮርማ ነው የጣለው።

«ፈረንጅ በዶላሩ ሲገድል ይሸኛል፣ እኛ ስንገድል እንታሰራለን» ትላላችሁ። ፈረንጁ በፈቃድ የሚያድነው በባሌና በአርሲ እንዳለው ደጋ አጋዘን ያለ እንስሳ ነው፤ በተከለለ ቀበሌ፣ ቁጥሩ አስቀድሞ ተወስኖ፣ ያረጀ ወንድ ተመርጦ፣ ክፍያ ተከፍሎበት ነው። ገንዘቡ ለአካባቢው ገበሬ ካልደረሰ ቅሬታው ተገቢ ነው፤ እኔም እስማማለሁ። ዋልያ ግን ለማንም፣ በምንም ዋጋ አይፈቀድም። ሕጉን በመከልከሉ አልወቅሰውም። ቅር የሚለኝ ለማሰር በሰዓቱ የሚደርሱ ሰዎች ዝንጀሮ ሲመጣ አለመድረሳቸው ነው። ቢሆንም ባዶ እጃችሁን ሄዳችሁ አትጩኹ። ቀኑን፣ ጎጡን፣ የጠፋውን ጻፉ፤ ዱካውን በስልክ አንሱ፤ ከጎኑ የክብሪት ቀፎ አስቀምጡ፣ አለዚያ መጠኑ አይታወቅም። አንዱን ለቀበሌ፣ አንዱን ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ከፓርኩ አጠገብ የሆናችሁ ደባርቅ ላለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስጡ። ካሳ ይከፈለናል ብላችሁ አትጠብቁ። የተጻፈ ነገር ግን የሚመጣው ባለሙያ የት ቆሞ ማየት እንዳለበት ይነግረዋል።

ስለ ክላሽ አንድ ነገር ልበል። ለአደን የተሠራ መሣሪያ አይደለም። ጥይቱ ሙሉ በሙሉ በብረት የተሸፈነ ስለሆነ ድኩላውን በስቶት ያልፋል፤ ድኩላውም ሮጦ ገደል ገብቶ ይሞታል። በስመ አብ ተብሎ ቢላ ሳያገኘው የሞተ ደግሞ በእኛ ወግ ጥንብ ነው፤ አይበላም። እንግዲህ ለምን ተተኮሰ? የሳተው ጥይት ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ዐለት ሲመታም አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ከገደሉ ማዶ እረኛ አለ። በዚህ ዘመን ላይ ደግሞ ጫካ ውስጥ የተተኮሰ ጥይት ማን እንደተኮሰው ሳይጣራ ሌላ ተኩስ ይጠራል። «ዝሆን ገዳይ፣ አንበሳ ገዳይ» እየተባለ የተፎከረላቸው የቆላ አዳኞች ነፋስ አይተው፣ ዱካ ተከትለው፣ አውሬው አፍንጫ ሥር ደርሰው ነበር። ከሁለት መቶ ሜትር ላይ የረፈረፈ ሰው ያን ፉከራ ሲወርስ ያስቀኛል።

ወጥመድና መርዝን በአጭሩ። የሽቦ ወጥመድ አይመርጥም፤ ያረገዘችዋንም፣ የጎረቤትን ጥጃም ይይዛል። በድን ላይ የተነሰነሰ የተባይ መድኃኒት ጅቡን ይግደል አይግደል እንጃ፣ ጥንብ አንሳውን ግን ይፈጃል። ጥንብ አንሳ ሲጠፋ በድኑ ሜዳ ላይ ይከርማል፤ በዚያ ላይ ባለቤት የሌለው ውሻ ይራባል፤ ከውሻው ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ይመጣል።

ዝንጀሮን የሚያሸንፈው ሰው ነው፣ እሱም በተራ ሲጠብቅ። ማለዳ ካደረበት ገደል ሲወርድና ከሰዓት በኋላ ወደ ማደሪያው ሲመለስ ይዘርፋል። ጠባቂው መሃል ማሳ ላይ ማማ ሠርቶ ከተቀመጠ ዘግይቷል፤ ማማው መሆን ያለበት በጫካው በኩል ነው። በጫካውና በማሳው መካከል ከአሥር እስከ አሥራ አምስት እርምጃ ስፋት ያለው መሬት መንጥሩ፤ ዝንጀሮ መሸሸጊያ የሌለው ሜዳ መሻገር አይወድም። ጠርዙን ኑግ ወይም ተልባ ዝሩበት፣ በቆሎውና ማሽላው ወደ ውስጥ ይሁን። ማሳችሁ የተያያዘ አምስት ጎረቤታሞች ወንፈል ብትገቡ ለአንዱ የሚደርሰው በአምስት ቀን አንድ ቀን ነው፤ ልጅ ከትምህርት ቤት አይቀርም። ዝንጀሮ ሕፃንን ብዙም ስለማይፈራ ልጅ ብቻውን ማቆሙ ትርፉ ድካም ነው። ማስፈራሪያ አሻንጉሊት ደግሞ ሦስት አራት ቀን ይሠራል፤ ከዚያ ቦታውን ካልቀየራችሁለት አናቱ ላይ ይቀመጥበታል።

ወንጭፍ መሥራት እየተረሳ ስለሆነ ልዘርዝረው። ከቃጫ ሁለት ገመድ ግመዱ፤ እያንዳንዱ ከትከሻችሁ እስከ እጅ አንጓችሁ ይድረስ። መሃሉ ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው ለስላሳ ቆዳ አያይዙ፤ ድንጋዩ የሚቀመጠው እዚያ ነው። የአንዱን ገመድ ጫፍ ቀለበት ሠርታችሁ መሃል ጣት ላይ አጥልቁት፤ የሌላውን ጫፍ ቋጥሩና በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ያዙት። ድንጋዩ የዶሮ እንቁላል የሚያህል፣ ውሃ ያለዘበው የወንዝ ድንጋይ ቢሆን ይሻላል፤ ክብ ስለሆነ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አንዴ ወይም ሁለቴ አዙሩና ቋጠሮውን ልቀቁ። ሰባት ስምንት ጊዜ ማዞር ክንድ ያደክማል እንጂ ድንጋዩን አያርቀውም። ወደ ጎን የሚያፈነግጥባችሁ ከሆነ አንደኛው ገመድ በጣት ያህል በልጧል፤ ለኩትና አሳጥሩት። ዘግይቶ የተለቀቀ ድንጋይ ወደ ግራ ወይም ወደ ኋላ ይበራልና ባልንጀራችሁ ከአሥር እርምጃ ይራቅ። የምታነጣጥሩት ከዝንጀሮው ፊት ያለውን ዐለት ነው፤ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ የሚወጣው ድምፅ መንጋውን ይመልሰዋል። ለቡሄ የምታጮኹት ጅራፍም ይረዳል። ጫፉ ከድምፅ ስለሚፈጥን ነው እንደ ተኩስ የሚጮኸው። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ አታጩኹት፤ ሲለምደው አይሰማውም።

ለጃርት የድንጋይ ካብ መሠረቱ ሁለት ስንዝር ወደ መሬት ይግባ፤ ሥር ለሥር ቆፍሮ ነው የሚገባው።

የበግ ጉሮኖ ካቡ ከሰው ቁመት ከፍ ይበል። በላዩ የምታደርጉት እሾህ ግንዱ ወደ ውስጥ፣ ቅርንጫፉ ወደ ውጭ ይዙር፤ ጅብ ከውጭ ሲገፋው ይበልጥ ይጠላለፋል። ተገልብጦ ከተቀመጠ ግንዱን በአፉ ይዞ ይስበዋል። ብዙ ሰው ካቡን አሳምሮ በሩን ይረሳል። ጅብ የሚገባው ከመድረኩ ሥር ጭሮ ስለሆነ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ቅበሩበት። ነብር ባለበት አገር ካብ ብቻ አይበቃም፤ በላዩ ዘሎ ይገባልና ጣሪያ ያስፈልጋል።

እሳት ከጠመንጃ የበለጠ ይፈጃል። አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ በውስጡ ባለው ቅባት የተነሳ እርጥብ ሆኖም ይነዳል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ፓርኩን ያቃጠለው እሳት የጓሳ ሣሩንም አስታውንም ነው የበላው። ማር ስትቆርጡ ጭሳችሁን ውሃ አፍስሱበት፣ አመዱን በእጃችሁ ዳስሱ፤ ሞቅ ካለ አልጠፋም።

የአህያውን ነገር ሳላነሳ እንዳልዘጋ። በሁዳዴ እርድ ስለሚቆም ጅብ ከየሥጋ ቤቱ ደጅ የሚለቅመው ያጣል፤ በትግራይ የጅብ ኩስ ተመርምሮ በጾሙ ወቅት የአህያ ፀጉር በብዛት ተገኝቶበታል። እዚህም ጅቡ ያው ጅብ፣ ጾሙም ያው ጾም ነው። አህያን ሜዳ ላይ አስሮ ማሳደር በሌላው ወር ቢያልፍላችሁ በሁዳዴ አያልፍላችሁም። ቅበላው ሳያልቅ የአህያውን በር መወርወሪያ አጥብቁ፣ የመድረኩንም ድንጋይ እዩ።