«ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» ሲባሉ ምን ይመልሳሉ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ እዚሁ ጅማ የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሲስተሯ እየመጣች «ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» ስትላት (0 ምንም ሕመም የለም፣ 10 ከሁሉ የከፋ ሕመም ማለት ነው)፣ «ተመስገን፣ 2» ትላለች። ሲስተሯ ስትወጣ ግን ጥርሷን ነክሳ ታቃስታለች። ሳል ሲመጣባትም አፍና ትይዘዋለች። «አስቸገረች ይሉኛል» አለችኝ። እውነቱን ልናገርባት?

መልስ፦ ይናገሩ፤ ግን እናትዎ ባሉበት።

እንደሳቸው የሚመልስ ሰው ብዙ ነው። አንዱ ሕመምን መቻል ጨዋነት ይመስለዋል። ሌላው ትልቅ ቁጥር ከጠራ ከሆስፒታል መውጫው የሚዘገይበት ይመስለዋል። «8 ካላልኩ መርፌ አይሰጡኝም» የሚልም አለ። አልፈርድባቸውም። ምጥ ያየች እናት ሁሉን ከዚያ ጋር እያስተያየች ሌላውን ሕመም ሁሉ 2 ብትለው ምን ይገርማል?

እኛ ግን ቁጥሩን የምንፈልገው እናትዎን ከጎን ካለው ታካሚ ጋር ለማወዳደር አይደለም። ጠዋት 7 የነበረው ከመድኃኒት በኋላ 3 ከሆነ፣ መድኃኒቱ ሠርቷል። ካልወረደ እናስተካክላለን። ሲሻል ቆይቶ ድንገት 8 ከገባ ደግሞ ቁስሉንና ሆዱን ደግመን እናያለን፤ ኢንፌክሽን፣ የውስጥ መድማት ወይም የሐሞት መፍሰስ ሊሆን ይችላል።

እኔን ያሳሰበኝ ሳል ማፈናቸው ነው። ሆዱን የተሠራ ሰው ሕመም ፈርቶ በደንብ ካልተነፈሰና ካላሳለ፣ አክታው ሳንባው ውስጥ ይቀርና የሳንባ ምች ሊይዘው ይችላል። ተነስቶ ካልተራመደም እግሩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። ስለዚህ እናትዎ ተኝተው ሳሉ ያለውን ብቻ ሳይሆን፣ ሲያስሉና ከአልጋ ሲነሱ የሚሰማቸውንም ይናገሩ። ሲያስሉ ትራስ ሆዳቸው ላይ ጫን አድርገው ይያዙ፤ ይቀልላቸዋል።

ቁጥር ካልሆነላቸው ይተዉት። «የለም፣ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ከባድ» ይበቃል። ኦሮምኛ የሚቀናቸው ከሆነ በኦሮምኛ ይንገሩን። «ሽንት ቤት መሄድ አቃተኝ» የሚለው ቃላቸው ለእኔ ከቁጥር ይበልጣል። እርስዎም በሳቸው ፈንታ ቁጥር አይስጡ። ያዩትን ብቻ ይናገሩ፦ ሌሊት አልተኙም፣ ሳል ያፍናሉ፣ ሲገላበጡ ያቃስታሉ።

«መድኃኒቱ ሱስ ያስይዛል» ብለው ፈርተው ከሆነ፣ ለጥቂት ቀን በሐኪም ትእዛዝ ሲሰጥ ስጋቱ ዝቅተኛ መሆኑን ይንገሯቸው። ከፋርማሲ ገዝተው ግን በራስዎ አይጨምሩ። ለምሳሌ ፓራሲታሞል ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም መብለጥ የለበትም፤ በግሉኮስ መስመር የተሰጠውም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል።

ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሆድ መነፋት ወይም የአንድ እግር ማበጥ ካዩ ግን የሲስተሯን ተራ አይጠብቁ። ያኔውኑ ይጥሩ፤ ሌሊትም ቢሆን።